ካራቫኑ ጭራውን ሲቆላ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ከመንገድ ሥራ ካምፕ በጨረታ የወጣ አሮጌ ካራቫን ገዛሁ። ባለ አንድ አክስል ነው። ውስጡን ወጥ ቤት አድርጌዋለሁ፤ ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር አቁሜ ምግብ ልሸጥበት ነው። ከአዲስ አበባ በሃይሉክስ ጎትቼ ሳመጣው እስከ ሸኖ ሰላም ነበር። ቻቻ ልደርስ ስል በ80 እየነዳሁ አንድ ሲኖትራክ ደርቦ አለፈኝ። ወዲያው ካራቫኑ ጭራውን መቁላት ጀመረ። ፒክአፑንም አብሮ ያንገላታው ነበር። መሪውን ወዲያ ወዲህ ባደርግ ባሰበት። እንዴት እንደቆመ እስካሁን አላውቅም። የተሳቢ ሾፌር የነበረ አጎቴ ‹ሲወዛወዝ ነዳጅ ስጠው፣ ይቀናል› ይለኛል። እኔ ግን የጣርማ በርን ቁልቁለት ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። እንቅልፍ ማጣትህም ደግ ነው። ተኝተህ ከምትወርደው ይሻላል።

በመጀመሪያ ጥፋቱን ከሲኖትራኩ ላይ እናንሳ። ትልቅ መኪና ሲያልፍህ ከፊቱ የሚገፋው አየር መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋሃል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስብሃል። ይህ በማንኛውም ጎታች ላይ ይደርሳል። በደንብ የተጫነ ካራቫን አንዴ ነቅነቅ ብሎ ይረጋል። ያንተ ያልረጋው ግቢህ ውስጥ ዕቃ ስትጭን የተሠራ ስህተት ስላለ ነው። ሲኖትራኩ ቆሰቆሰው እንጂ እሳቱ ከቤት ነው የወጣው።

«ወጥ ቤት አድርጌዋለሁ» ስትል መጀመሪያ የታየኝ ፍሪጁ ነው። ከኋላ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ አጠገቡ ምጣዱ፣ ከሥሩ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ምናልባትም የዱቄት ኬሻ። በሩ በጎን ስለሆነ ሰው ከባዱን ነገር ከኋላ ነው የሚከምረው። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ግን እስካሁን እጄ ላይ የመጡት እንዲህ ዓይነት ካራቫኖች ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ነበረባቸው።

ነገሩን ለመረዳት ደብረ ብርሃን ያለ ባለጋሪ ጠይቅ። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ጋሪው ይንጋለልና እንጨቶቹ ፈረሱን ከአንገቱ ወደ ላይ ያነሱታል። ስለዚህ ባለጋሪው ወይ ኬሻውን ወደ ፊት ይጎትታል፣ ወይ ራሱ ወደ ፊት ይጠጋል። ፈረሱ ላይ ትንሽ ክብደት መቅረት አለበት። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ባለ አንድ አክስል ካራቫን ጋሪ ነው። ፈረሱ ያንተ ሃይሉክስ ነው።

ያ «ትንሽ» ምን ያህል ነው? አውሮፓ ውስጥ ለካራቫን የሚመከረው ካራቫኑ ከነጭነቱ ከሚመዝነው ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህሉ የጎታቹ መኪና መጎተቻ ኳስ ላይ እንዲያርፍ ነው። አሜሪካኖች ለእነሱ ዓይነት ተሳቢ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይላሉ። ያንተ የአውሮፓ ሥሪት ይመስለኛል። ስለዚህ ከነዕቃው 1,200 ኪሎ ቢሆን አፍንጫው ላይ፣ ማለትም ኳሱን በሚይዘው የፊት ጫፉ ላይ፣ ከ60 እስከ 84 ኪሎ እንፈልጋለን። መያዣው ብረት ላይ የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ተቀርጾ ታገኛለህ፤ ከእሱ እንዳታልፍ። ፒክአፑም የራሱ ገደብ አለው፣ ከሁለቱ ዝቅተኛውን ያዝ።

አሁን ለካው። ከእህል ነጋዴ ሚዛን ተዋስ፣ ያ ኬሻ የሚቆምበት ዓይነት። ካራቫኑን ሜዳ ቦታ አቁመህ ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በታኮ ያዝ። ከሃይሉክሱ ኳስ እስከ መሬት ያለውን ከፍታ ለካ። የሚዛኑን ውፍረት ቀንሰህ በዚያ ልክ አጠና ቁረጥ። አጠናውን ሚዛኑ ላይ አቁመህ የካራቫኑን አፍንጫ ላዩ ላይ አሳርፈው። ዕቃው ሁሉ ለጉዞ እንደሚሆነው መጫን አለበት፤ ባዶውን መለካት ምንም አይነግርህም። እግርህን ከሥሩ አርቅ። አጠናው ከተንሸራተተ ቁርጭምጭሚት አይምርም።

ቁጥሩ ካነሰ ፍሪጁን ማንቀሳቀስ ብቻ ምን እንደሚያደርግ እይ። ከኳሱ እስከ አክስሉ 4 ሜትር ነው እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን ፍሪጅ ከአክስሉ 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢቆም አፍንጫውን በ30 ኪሎ ያቀለዋል። ያንኑ ፍሪጅ ከአክስሉ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ብታመጣው አፍንጫው ላይ 7 ኪሎ ተኩል ይጨምራል። አንድ ዕቃ ቦታ በመቀየሩ ብቻ 37 ኪሎ ተኩል ልዩነት መጣ። አንተ የምትፈልገው ጠቅላላው 60 ምናምን ኪሎ መሆኑን አትርሳ።

እዚህ ላይ ብልጥ ነን የሚሉ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት አለ። ፍሪጁን ከኋላ ይተዉትና አፍንጫው እንዲከብድ ከፊት አሸዋ በኬሻ ይጭናሉ። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ያምራል። መንገድ ላይ ግን ጉድ ይመጣል። አንድ ረጅም አጠና መሐሉን ይዘህ ሁለት ድንጋይ መሐሉ ላይ እሰርና ግራና ቀኝ አዙረው። ከዚያ ድንጋዮቹን ሁለቱ ጫፍ ላይ አስረህ ድገመው። ማስጀመሩ ያስቸግራል፤ ከጀመረ በኋላ ማቆሙም የዚያኑ ያህል ያስቸግራል። ከባዱ ነገር ሁሉ አክስሉ ላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊቱ፣ ወለሉ ላይ፣ በገመድ ታስሮ ነው መሄድ ያለበት። ቀላሉ ዕቃ የፈለገበት ይሁን። ጣሪያ ላይ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቆርቆሮ የሚባል ነገር አይኑር።

ፍሪጅና ምጣድ የግድ ከኋላ መሆን ካለባቸው ሸዋ ሮቢት ደርሰህ መልሳቸው። ለጉዞው ግን በሌላ መኪና ይሂዱ። ለአንድ ቀን አይሱዙ የሚከፈለው ገንዘብ ካራቫን ገደል ከመግባቱ ይረክሳል።

ውሃ ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግማሽ ድረስ የተሞላ ሮቶ በባለ አንድ አክስል ተሳቢ ስጎትት አመዴ ቡን ብሏል። ሜዳ ላይ ስለካው ሚዛኑ ልክ ነበር። ዳገት ስጀምር ውሃው ወደ ኋላ ሄደ፣ አፍንጫው ቀለለ፣ የፒክአፑ የኋላ መቀመጫ ከፍ ሲል ይታወቀኝ ነበር። ዳገቱ አልቆ ሜዳ ላይ ፍጥነት ስጨምር ጭራውን መቁላት ጀመረ። ሮቶ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ። ላንተ ባዶ። ውሃ ሸዋ ሮቢትም አለ።

አሁን ወደ አጎትህ ምክር። ለአጎትህ አክብሮት አለኝ፣ ግን ይህን ምክር አትቀበል። እሳቸው የነዱት ተሳቢ ከፊትም ከኋላም አክስል ያለው፣ ራሱን በራሱ የተሸከመ ነው። አፍንጫው ላይ ክብደት የለውም፣ ወደ ግራ ቀኝ የሚዞር የፊት አክስል አለው፣ የሚይዘውም በአየር ፍሬን ነው። አንዳንዱ መኪና ላይ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከኋላው ተይዞ ይወጠርና ይቀናል። ያንተ ካራቫን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ነዳጅ ብትሰጠው ለአፍታ የቀና ሊመስል ይችላል። ግን አሁን በ80 ሳይሆን በ95 ላይ ነህ። ቁልቁለት ላይ ከሆንክ ደግሞ መጨረሻውን አንተው አስበው።

ፍጥነት እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ነው። እያንዳንዱ የተጫነ ካራቫን የራሱ የፍጥነት ወሰን አለው። ከዚያ በታች የተነሳ ውዝዋዜ በራሱ ይሞታል። ከዚያ በላይ ግን አንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው እየበለጠ ይሄዳል፣ ሾፌሩ ምንም ጎበዝ ቢሆን። ጭነት ማስተካከል ማለት ያንን ወሰን ከምትነዳበት ፍጥነት በላይ ማራቅ ነው። እስከ ሸኖ ሰላም የነበርከው ምናልባት ከወሰንህ በታች ስለነበርክ ነው። ቻቻ ሜዳ ላይ አለፍከው። እንግሊዞች በዚያ ሁሉ ለስላሳ መንገዳቸው ካራቫን የሚጎትት መኪና መሐሉ ባልተከፈለ መንገድ በሰዓት ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር፣ እንዳያልፍ በሕግ ከልክለዋል። አንተ በደብረ ብርሃን ነፋስ፣ በጨረታ በገዛኸው ካራቫን፣ ሜዳ ላይ 60 ይበቃሃል። ከኋላህ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባ ይንፋ።

ውዝዋዜ ከተነሳብህ ነዳጅ ልቀቅ። መሪውን በሁለት እጅህ ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ አትከተለው። ሰው በደመ ነፍስ ካራቫኑ ወደ ግራ ሲሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ይላል። እጁ እስኪደርስ ግን ካራቫኑ አቅጣጫ ቀይሯል፤ ስለዚህ ውዝዋዜውን ሾፌሩ ራሱ እየገፋው ነው። አንተ ላይ «ባሰበት» ያልከው ይህ ነው። ፍሬን በድንገት አትርገጥ። ማርሽ ላይ እንዳለ ተወው፣ ሞተሩ ራሱ ያዘገየዋል፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይረጋል። ካቆምክ በኋላ ደግሞ «አለፈ» ብለህ አትቀጥል። ወርደህ ዕቃው የት እንደተንሸራተተና ጎማው ንፋስ እንዳለው እይ።

ጎማ ካነሳን አንድ ነገር ልንገርህ። ካምፕ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ካራቫን ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያታልላል። ጎኑ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈልግ። 3214 ካለ በፈረንጆቹ 2014 በ32ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ከ7 ዓመት በላይ የቆየ የካራቫን ጎማ ላይ እኔ አልጓዝም፣ ጥርስ ቢኖረውም። ፀሐይና ቆሞ መክረም ጎኑን ይሰነጣጥቁታል። ንፋሱን ጎሚስታው በግምት ሳይሆን በጌጅ ይሙላው፣ ጎማው ሳይሞቅ በጠዋት። ሃይሉክሱ የኋላ ጎማ ላይ ደግሞ ሾፌር በር ሥር ካለው ጽሑፍ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ቁጥር ተጠቀም። የላላ የኋላ ጎማ ከጎን ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ውዝዋዜ የሚወደው ይህንን ነው።

የመጎተቻው ኳስ የተበየደው መከላከያው ላይ ከሆነ አትሂድ። በቃ። ሻንሲው ላይ በቡሎን መታሰር አለበት። የአውሮፓ መያዣ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ነው የሚፈልገው። ገበያ ላይ ከዚያ የሚያንስ የአሜሪካ ኳስም አለ፤ የገባ ይመስልና ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል። ካያያዝክ በኋላ በካራቫኑ ክሪክ አፍንጫውን ወደ ላይ ግፋው። የሃይሉክሱ ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ካቴናዎቹን ከአፍንጫው ሥር አጣምረህ እሰራቸው፤ ድንገት ቢላቀቅ አፍንጫው አስፋልት ላይ ከመተከል ካቴናው ላይ ያርፋል። የፍሬኑን ቀጭን ሽቦም ለብቻው ፒክአፑ ላይ እሰረው። እሱ ካራቫኑ ከተላቀቀ የእጅ ፍሬኑን ስቦ የሚያቆመው ነው። ከካቴናው ጋር አትሰረው፤ ሥራው ሌላ ነው።

ሁሉንም አያይዘህ ከጎን ራቅ ብለህ ቆመህ እይ። ሃይሉክስ ከፍ ያለ መኪና ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ካራቫኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንጋጦ ታገኘዋለህ። ይህም ክብደቱን ወደ ኋላ ይልከዋል። ወይ አግድም ወይ በጣም ትንሽ ወደ ፊት ያጎነበሰ መሆን አለበት። ኳሱን ዝቅ የሚያደርግ ብረት ይሠራልህ፣ ግን ብየዳውን ለማንም አትስጥ። መብራትና ፍሬቻ፣ የተሳቢው ታርጋ፣ ወጣ ብለው የካራቫኑን ጎን የሚያሳዩ ስፖኪዮዎች፣ እነዚህን ራስህ ታውቃቸዋለህ።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳህ ቁልቁለት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። ያንን ሁሉ ከፍታ የምታወርደው በፍሬን ከሆነ ሙቀቱን የሚውጠው የፍሬን ሸራህ ነው። በሞተር ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ነው፤ እሱ ለሙቀት የተሠራ ነው።

ጠዋት ጉሙ ከተገለጠ በኋላ ተነሳ፣ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይበረታ። ጉዶ በረት ላይ ቁም። የጎማ ዳዶዎቹን በቁልፍ ሞክራቸው፤ ጎማ ከተፈታ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች ሊላሉ ይችላሉ። ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ ጋ ስትደርስ ዝግ በል። ዋሻው ውስጥ ነፋስ የለም። ስትወጣ ከቆላው የሚመጣው ነፋስ ከጎን ሊመታህ ይችላል፣ የካራቫን ግድግዳ ደግሞ የጀልባ ሸራ ነው በለው። ስለዚህ ከዋሻው የምትወጣው በ30 ነው፣ እጅህ መሪው ላይ ጠበቅ ብሎ። ጉም ካለ ከዋሻው በፊት ዳር ይዘህ ጠብቅ። እስኪያልፍ ሻይ ጠጣ።

ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት እውነት ነው። ማርሹን የምትቀንሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ መኪናው ሸሽቶ ማርሽ አልገባ ካለ ዜሮ ማርሽ ላይ ትቀራለህ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና አውርደው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። ፔዳሉ ላይ እግር አሳርፎ መውረድ ነው ሸራ የሚያቃጥለው። ኩርባ ላይ ፍሬን የለም። ከኩርባው በፊት ቀጥታው ላይ ጨርስ፤ ታጥፈህ ሳለ ከያዝክ ካራቫኑ ከኋላ ይገፋሃል፣ መኪናና ካራቫን እንደ ሴንጢ ይታጠፋሉ።

የካራቫኑ የራሱ ፍሬን በግፊት ነው የሚሠራው። አንተ ስታዘገይ እሱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት አፍንጫው ውስጥ ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ይልክና ፍሬኑን ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳታውቀው ሲሠራ ይቆያል። ስለዚህ ደብረ ሲና ላይ ውረድና ካራቫኑ ጎማ ጋ ተጠጋ። እጅህን ቸርኬው አጠገብ አድርግ፣ አትንካው። የአንዱ ሙቀት ከሌላው ከበለጠ ወይ አንዱ ፍሬን ተጣብቋል ወይ ኩሽኔታው ሄዷል። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ግማሽ ሰዓት ቁም። ውሃ አታፍስበት። ቆሎህን እየቆረጠምክ ጠብቅ። አርማንያ ላይ ድገመው። ሸዋ ሮቢት የምትደርሰው በአየሩ ትኩሳት ታውቀዋለህ፣ ጃኬትህን እዚያ ታወልቃለህ።

እንዳይረሳኝ፣ ከመነሳትህ በፊት ፍሬኑ ይሠራ እንደሆነ ሜዳ ላይ ሞክር። የካራቫኑን የእጅ ፍሬን ስበህ በሃይሉክሱ ቀስ ብለህ ሳበው። ሁለቱም ጎማ መያዝ አለበት። ለዓመታት የቆመ ካራቫን ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ዝጎ ይገኛል፣ አንዱ ብቻ ይይዝና ወደ ጎን ይስብሃል። ይህን መካኒክ ይክፈተው፣ ኩሽኔታውንም አብሮ ግራሶ ይቀባልህ።

አጎትህን ይዘሃቸው ሂድ። ምክራቸውን ባልቀበልም፣ ቁልቁለት ላይ ሸራ ሲሸት ከእኔም ካንተም ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የአፍንጫውን ክብደት ለክተህ ከጠቅላላ ክብደቱ 5 በመቶ በታች (ለ1,200 ኪሎ ከ60 በታች) ካሳየህ ግን ከግቢው አትውጣ። ፍሪጁን ወደ ፊት ግፋና እንደገና ለካ።